ፕሮፌሰር ቶማስን ማን ይቅበራቸው?

በትንሽ ከተማ ሀብታም መሆን ያስቀናል፤ ድሃ መሆን ያሳዝናል፤ በቁጥር ትንሽ መሆን ግን ያስጠይቃል። አምቦ ላይ ኦርቶዶክስ ብትሆኑ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም፤ ፕሮቴስታንት ብትሆኑም እንዲሁ። አንዱ በደወል፣ ሌላው በድምፅ ማጉያ ከእንቅልፍ ያስነሱናል፤ ሁለቱንም ለምደናቸዋል። «ካቶሊክ ነኝ» ያላችሁ ቀን ግን ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ፍሬን ይይዝና «ካቶሊክ የትኛው ነበር?» ይላችኋል። መልሱን ሳትጨርሱ መውረጃችሁ ያልፋል።

ጎረቤቴና የሥራ ባልደረባዬ ፕሮፌሰር ቶማስ ይህን ጥያቄ ሲመልሱ ነው ያረጁት። የእንጭኒ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ቤተሰባቸው ጥንትም ዛሬም ኦርቶዶክስ ነው። በልጅነታቸው ሚሲዮኖች ትምህርት ቤት ገቡና በዚያው ካቶሊክ ሆነው ቀሩ። አባታቸው «ፊደል ቁጠር ብዬ ብልከው መቁጠሪያ ይዞልኝ መጣ» እያሉ እስኪሞቱ አዘኑ አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ምሁርም ጨምሩበት።

ፕሮፌሰሩ የሚያስተምሩት ታሪክ ነበር። ተማሪ አፉን ከመክፈቱ «ምንጭህ ምንድን ነው?» ይሉታል። «ፌስቡክ ላይ አይቼ» ያለ ልጅ ሴሚስተሩን በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ይከርማል። እኚሁ ሰው ታዲያ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ተንበርክከው፣ ያለ ምንም ማጣቀሻ፣ ሁሉን አሜን ብለው ይመለሳሉ። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት «ፕሮፌሰር፣ ለትንሣኤውስ ምንጭዎ ምንድን ነው?» ብዬ ነካ አደረግኋቸው። «ታሪክ የሚያጠናው የሞተውን ነው» አሉኝ ስኳራቸውን እያማሰሉ፤ «እሱ ደግሞ ተነሥቷል። ከእኔ ትምህርት ክፍል ውጪ ነው።»

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርስ ናቸው፤ ፕሮቴስታንት፣ ያውም የማያወላዳ። እሑድ ጠዋት ባልና ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከቤት ይወጡና መታጠፊያው ላይ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይለያያሉ። ምሳ ላይ ተገናኝተው ሲከራከሩ ድምፃቸው እኔ ግቢ ይደርሳል።

«ጫልቱ፣ እኔ ጋ ብትመጪ እኮ መንገዱ ይቀርብሽ ነበር።»

«መንገዱስ ይቀርበኝ ነበር፤ መንግሥተ ሰማያት ነው የሚርቀኝ!»

ከዚያ ሳቅ። ሁልጊዜም ከዚያ ሳቅ ነበር።

ካቻምና ክረምት ፕሮፌሰሩን ልባቸውን አመማቸውና አልጋ ያዙ። ያን ጊዜ አምቦ ምን ያህል ሃይማኖተኛ ከተማ እንደሆነች አየሁ። ወንድማቸው ኦቦ ነገራ ከእንጭኒ ጸበል በጄሪካን ይዘው መጡ፤ ፕሮፌሰሩ ጠጡ። የአዴ ጫልቱ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው እጃቸውን ጭነው ጸለዩ፤ ፕሮፌሰሩ አሜን አሉ። የካቶሊኩ ቄስ አባ ማርቆስም ዘይት ይዘው መጥተው ቀቧቸው። እኔ ገርሞኝ ሳይ ጊዜ «ምን ታያለህ?» አሉኝ፤ «የታሪክ ሰው በአንድ ምንጭ ብቻ አይተማመንም።»

አንድ እሑድ አባ ማርቆስ ቁርባኑን ቤት ድረስ አመጡላቸው። ከተቀበሉ በኋላ ሚስታቸውን «በይ፣ አንቺም እንዳይረፍድብሽ ሂጂ» አሏቸው። አዴ ጫልቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው አያውቁም ነበር። ያን ቀን ቀሩ። ፕሮፌሰሩ እጃቸው በሚስታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ።

ድንኳኑ ተጥሎ ሳያልቅ ጠቡ ተጀመረ። ኦቦ ነገራ ብድግ አሉ። «የወንድሜ አጥንት ከአባቱ አጠገብ ይረፍ። ደግሞስ በመጨረሻው ጸበሉን ጠጥቷል፤ ወደ ቤቱ ተመልሷል ማለት ነው።»

«የለም!» አሉ ከወዲያ በኩል የአዴ ጫልቱ ሽማግሌዎች። «ስንጸልይለት እጁን አንሥቷል። ጌታን ተቀብሏል። እኛ ነን የምንሸኘው።»

በሕይወት ሳሉ «የትኛው ነበር?» ሲባሉ የኖሩ ሰው፣ ሞተው ባለቤት በዛባቸው። አባ ማርቆስ ብቻ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሬሳው የሳቸው ነው፣ ሰው ግን የላቸውም። ክርክሩ እየጋለ ሄዶ ኦቦ ነገራ አይሱዙ ሊያስመጡ ስልካቸውን ሲያወጡ፣ አዴ ጫልቱ ከሴቶቹ መሐል ተነሥተው መጡ።

«ጸበሉን የጠጣው ጠምቶት ነው» አሉ። ወደ ሽማግሌዎቻቸው ዞሩ። «እጁን ያነሣው ደግሞ ትራሱን እንዳስተካክልለት ነው። አስተካክዬለታለሁ።»

ከዚያ ወደ ሁሉም ዞሩ።

«እኔ አብሬው በአንድ አልጋ እየተኛሁ፣ ዕድሜ ልኬን ታግዬ ያልለወጥኩትን ሰውዬ፣ እናንተ ሞቶ ስላገኛችሁት ነው የምትለውጡት? አባ፣ እርስዎስ ምን ተቀመጡ? ተነሥተው ሰውዎን ይቅበሩ እንጂ!»

ኦቦ ነገራ «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱና ሳጥኑን ከፊት የተሸከሙት እሳቸው ሆኑ።

ትንሿ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንደዚያን ቀን ሰው አይታ አታውቅም። ችግሩ፣ ምን ተብሎ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ኦርቶዶክሱ «ይኼ ዜማ የኛን ይመስላል ወይስ አይመስልም?» እያለ ይጠራጠራል፤ ፕሮቴስታንቱ አሜን የሚባልበትን ቦታ ይጠባበቃል። የሚቀበሉት ከፊት የተሰበሰቡ ጥቂት አዛውንት ናቸው፤ ድምፃቸው ጣራው ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። እስከዚያች ሰዓት እንባ ያልወጣቸው አዴ ጫልቱ ያኔ ምርር ብለው አለቀሱ። እኔ ሳጥኑን አይተው መስሎኝ ነበር።

ከወራት በኋላ «አዴ ጫልቱ ካቶሊክ ሆኑ» የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ሽማግሌዎቻቸው ሌላ ሽማግሌ ላኩባቸው አሉ። እኔ ሐሜትን ሳላጣራ ማሳደር አልወድም፤ አንድ እሑድ ከካቶሊኩ በር ሲወጡ ጠብቄ ያዝኳቸው።

«አዴ ጫልቱ፣ ተለወጡ እንዴ?»

«ምን እለወጣለሁ? የኔን ማልጄ ጨርሼ ነው የምመጣው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«የቀብሩ ቀን አልሰማህም? ይዘምራሉ ነው የሚባለው ወይስ ያቃስታሉ? ያን የመሰለ ሰውዬ በዚያ ድምፅ ይሸኝ? እኔ ደግሞ ድምፅ አላጣሁም፤ አሳዘኑኝና ላግዛቸው ብዬ ነው።»

«የማርያም መዝሙር ሲመጣስ ምን ያደርጋሉ?»

ነጠላቸውን አስተካከሉና ግራ ቀኝ አዩ።

«እሱ ላይ አፌን እዘጋለሁ» አሉኝ። «ዜማውን ብቻ በአፍንጫዬ እይዝላቸዋለሁ።»