ሊቀ ንክሻ እና ሁለቱ ማሽኖቹ

አንድ መለኪያ ያለው ሰው ኑሮውን ይኖራል፤ ሁለት መለኪያ የገዛ ግን ለራሱም ለጎረቤቱም ሰላም የለውም። ሁለት ቴርሞሜትር ይዞ ልጁን የሚያስጨንቀውን አባት፣ ሚዛን እያፈራረቀ ሰልፍ የሚያስረዝመውን ባለሱቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእነዚህ ሁሉ አለቃ የእኔ የጥርስ ሐኪም ነው። በሌለበት «ክቡር ሊቀ ንክሻ» እለዋለሁ።

የሄድሁበት ጉዳይ ቀላል ነበር። በቅርቡ ክዳን የተሠራለት የቀኝ መንጋጋዬ ስነክስበት እስከ ጆሮዬ ይጠዘጥዘኛል። ክዳኑን የሠራው ሌላ ሐኪም «ምንም የለበትም» ብሎ ሸኝቶኛል። ልጄም «አባዬ፣ ብቻህን ስትሆን ሐሳብ ታበዛለህ፤ ሕመሙም ከዚያው ነው» ትለኛለች። ሽማግሌን ከሕመሙ ይልቅ የሚያደክመው ማመሙን ማስረዳቱ ነው።

ሊቀ ንክሻ ደግሞ ጥርሴን ትቶ ማሽኖቹን ያፋጥጣል። አንደኛው ወረቀት የመሰለ ስስ ነገር ነው፤ ሲነክሱት ጫና የበዛበት ጥርስ ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው አፍ ውስጥ የሚዞር ካሜራ ነው፤ የጥርሱን ምስል ሠርቶ የቱ ከየቱ እንደሚገናኝ ራሱ ያሰላል።

«አባቴ፣ ይንከሱልኝ እስቲ።»

ነከስሁ።

«ይልቀቁ። አንዴ ብቻ ደግሞ።»

የእሱ «አንዴ ብቻ» ማለቂያ የለውም። ወረቀቱ የፊቱን ጥርስ ሲከስስ ካሜራው የኋላውን ይከስሳል። እሱ በሁለቱ ስክሪኖች መካከል የተጣሉ ባልና ሚስት እንደሚያስታርቅ ሰው ይመላለሳል።

«ዶክተር፣» አለች ነርሷ፣ «አባባ ዛሬ የነከሱት ምሳ ቢሆን ኖሮ ጠግበው ነበር።»

እውነት አንድ ናት ወይስ ብዙ እያልሁ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። አፌን ከፍቼ፣ ምራቄን ሳልውጥ አስቤው ግን አላውቅም ነበር።

ትናንት ማሽኖቹ በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ የሚያመኝ ጥርስ ደህና መሆኑን። በቃ፣ እሱም ሊያሰናብተኝ ነው ብዬ ቀደምሁት።

«ተሽሎኛል፤ ልሂድ።»

«አባቴ፣ አሁን ሲነክሱ ቀኝ ዓይንዎ ተጨፈነ።»

«ማሽኖችህ ደህና ነው እያሉ?»

«እነሱን አያማቸው።» ሁለቱንም አጠፋቸው። «ተሳስተዋል ማለት ነው። ሌላ ዓይነት ማሽን ያለው ጓደኛ አለኝ፤ ነገ አስመጣዋለሁ።»

ሦስተኛ ማሽን! ልነሳ ወንበሩን ጨብጬ ነበር። ግን እኔን ከመጠርጠሩ በፊት ሁለት ማሽን የጠረጠረ ሰው በገዛ ቤቴ እንኳ አላገኘሁም።

«ጠዋት ልምጣ ወይስ ከሰዓት?» አልሁት፣ ደስ እንዳለኝ እንዳያውቅብኝ ፊቴን ኮስተር አድርጌ።