ባ ሲቾኔ እና ክፍት የተተወው ኮምፒውተር

መሥሪያ ቤት ባለበት ሁሉ፣ ባለቤቱ ትቶት የሄደ ኮምፒውተር በርቶ ካየ ምግብ የማይወርድለት አንድ ሰው አይጠፋም። ካሳማ ከተማ ባለ አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት የመዝገብ ቤቱ ክቡር ባ ሲቾኔ ነበሩ፤ "ባ" በዚያ አገር "አቶ" እንደማለት ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ መነጽራቸው ወፍራም፣ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ። ሠራተኛው "የእንቅልፍ ሚኒስትር" ይላቸዋል፤ በሌሉበት፣ እርግጥ።

ሰው ብድግ ሲል ጥያቄያቸው አንድ ናት፦ "ስንት ደቂቃ ትቆያለህ?" ሽንት ቤት ደርሶ ለሚመለስ "ሸለብታ" ይፈቅዳሉ፤ ማሽኑ ትንሽ ትንሽ መብራት እየቀመሰ ዐይኑን ይጨፍናል። ለምሳ ንሺማ ሊበላ ለሚወጣ ግን "ድብን ያለ እንቅልፍ" ያዝዛሉ፤ ማሽኑ የተከፈተውን ሁሉ እንዳለ ሆዱ ውስጥ ከትቶ ጭልጥ ይላል፣ መብራት ቢጠፋም አይነካው። ወደ ቤቱ የሚሄድ ጨርሶ ይዝጋ። አንድ ቀን ኃላፊውን ራሳቸውን፣ ወደ ስብሰባ ሲሮጡ በር ላይ አቁመው፣ "ጌታዬ፣ የእርስዎ ስብሰባ በሸለብታ የሚያልቅ አይደለም" ብለው መልሰዋቸዋል።

ከሁሉ የምትማረርባቸው የጠረጴዛ ጎረቤታቸው ንካንዱ ነበረች።

"ባ ሲቾኔ፣ ውሃ ልጠጣ ነው የተነሣሁት!"

"ውሃው ቅርብ ነው ሩቅ?"

"ኧረ በፈጠረዎት!"

"መብራት በፈረቃ በሚመጣበት አገር እየኖርሽ አትቆጪኝ፣ ልጄ። ሸለብ አድርጊውና ሂጂ።"

አንድ ሐሙስ ንካንዱ ከማለዳ ጀምራ የስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ተፈታኞችን ስም ስትጽፍ አረፈደች። ዝርዝሩ እስከ ዐሥር ሰዓት ካልተላከ ልጆቹ ለፈተና አይቀመጡም። አምስት ሰዓት ላይ ባ ሲቾኔ አምስት ወር ወደጠበቁት የዐይን ሐኪም ቀጠሮ ወጡ። ወዲያው የንካንዱ ስልክ ጮኸ። ታናሽ እህቷን ምጥ ይዟታል፤ አጠገቧ ሰው የለም። ንካንዱ ቦርሳዋን አንሥታ በጓሮ በር በረረች።

ዝርዝሩን ሳታስቀምጥ መውጣቷ ትዝ ያላት የሆስፒታሉ በር ላይ ነው። እዚያው እንደቆመች የከተማው መብራት ድርግም አለ። ከዚያ በኋላ የእህቷን እጅ ይዛ "ግፊ! በርቺ!" እያለች፣ በልቧ ግን ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ልጅ ሲያለቅስ ትሰማ ነበር።

ሕፃኗ በደህና ተወለደች። ንካንዱ በስምንት ተኩል ቢሮ ስትደርስ መብራቱ ገና መምጣቱ ነው። ሁሉንም እንደ አዲስ ልትጽፍ፣ ጣቷ እስኪዝል ልትጽፍ ቆርጣ የማሽኑን ቁልፍ ተጫነች። ዝርዝሩ ከች አለ። ከጻፈችው አንድ ስም አልጎደለም።

ባ ሲቾኔ ኮታቸውን እንደለበሱ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"እርስዎ ነዎት? ቀጠሮዎስ?"

"የግቢው በር ላይ ሆኜ በመስኮት አየሁት። ወንበሩ ባዶ፣ ስክሪኑ የበራ! የሰው ጽሑፍ ውስጥ እጄን አላስገባም፤ እንዳለ ድብን አድርጌ አስተኛሁት። ሚኒባሱ ግን ጥሎኝ ሄደ።"

"እህቴን ምጥ ይዟት ነበር እኮ!"

"ምጥ ከሆነማ፣ ሸለብታ አይበቃውም።"

ንካንዱ ሳቋና እንባዋ ተደባለቀባት። ከዚያም ተቀምጣ የቀረውን ጽፋ ጨረሰች፤ ዝርዝሩ ዐሥር ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ተላከ።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቃ ጎሕ ሳይቀድ የሆስፒታሉ የዐይን ክፍል በር ላይ ተሰለፈች። ቀጠሮ ያመለጠው ሰው የሚታየው በወረፋ ነው። ባ ሲቾኔ ሲደርሱ ከፊቷ ሁለት ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር።

"ዐይንሽን ምን ነካው?" አሉ ደንግጠው።

"የእርስዎን ተራ ነው የያዝኩት። ይግቡ።"

ነርሷ እጇን በሩ ላይ ዘርግታ፣ "አንቺስ የሳቸው ምን ነሽ?" አለች።

"የጠረጴዛ ጎረቤታቸው ነኝ።"

"እንግዲያው ውጪ ጠብቂ።"

"አልጠብቅም" አለች ንካንዱ፤ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጋ ይዛም አብራቸው ገባች።