የጋሼ መኮንን ሐቀኛ መኪና

ውሸት ጨርሶ የማይወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ጋሼ መኮንን እንደዚያ ናቸው።

በቅርቡ የመኪናቸውን ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች በትልልቅ ቀየሩ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ የትራፊክ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር ይጠፋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች በዚሁ መኪና እየተመላለሱ ኒው አልባኒ በምትባል ከተማ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ። አንድ ቀን ደግመው ካረፈዱ ይባረራሉ።

«ጋሼ፣ አየር የሚለካው ሴንሰርም መቀየር አለበት» አልኳቸው። «ለትልልቆቹ ኢንጀክተሮች የተስተካከለው ሴንሰር አየሩን አሳንሶ ይናገራል። የመኪናው ኮምፒውተርም ኢንጀክተሮቹን ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚከፍት ነዳጁ ልክ ይመጣል።»

«ይዋሻል በለኛ! በእኔ መኪና ላይ ውሸታም አይገጠምም!»

እትዬ ምሳ አቀረቡ። ጭልፋቸው የዋዛ አይደለም፤ ሁልጊዜ ከተጠየቁት በላይ ነው የሚጨልፉት። ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሱት ጋሼ ሳህናቸውን ዘርግተው «ለእኔ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ» አሉ። የደረሳቸው ልክ የሚበቃቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ቅድም ርቦኛል ሲሉኝ አልነበር?»

«እጇን አታውቀውም እንዴ? እውነቱን ብነግራት በምግብ ትገድለኛለች!»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትዋሸኝ ነው የኖርከው?» አሉ እትዬ፣ ጭልፋውን እንደያዙ።

ጋሼ ሳህናቸውን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ሴንሰር ነገ ታመጣዋለህ?»

ሰኞ እትዬ ሥራቸው በሰዓቱ ደረሱ። መኪናው መንገዱን ሁሉ እየዋሸ ወሰዳቸው።