ኮፍያዋ የማትወልቀው ካሜራ

ካሜራ የገዛ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የታደለ ነው። ባለካሜራ ያለበት ቤት ግን ዘመድ አዝማዱ ተደርድሮ ሳቁ ፊቱ ላይ እስኪደርቅ ድረስ "ቆይ፣ አንዴ ቆይ!" ሲባል ይኖራል። ሕፃኑን እንቅልፍ ይወስደዋል፣ አጎት ወገባቸውን ይይዛሉ፣ ባለካሜራው ገና መብራቱን ያጠናል። በእኛ ቤት ይህን ሹመት የያዝኩት እኔ ነኝ። እስከዛሬ ያከበረኝ ስለሌለ፣ ከዚህ በኋላ ስለ ራሴ በአንቱታ እተርካለሁ።

ክቡር ባለካሜራው ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ካሜራውን አይደለም፤ የሌንሱን ኮፍያ ነው። ኮፍያ የሚሏት በሌንሱ አፍ ላይ የምትገጠም ጥቁር ፕላስቲክ ናት፤ ለማያውቃት ሰው የተቆረጠ ቧንቧ ትመስላለች። ጥቅሟን ያልሰማ ዘመድ የለም። ያልጠየቀውም ሰምቷል።

"ፀሐይ ከጎን ስትመጣብህ ምን ታደርጋለህ?" ይላሉ ክቡርነታቸው። "እጅህን ግንባርህ ላይ ታደርጋለህ። ሌንስ ምን እጅ አላት? ካሜራ ያለ ኮፍያ ማለት፣ ሰው ያለ ቅንድብ ማለት ነው!"

እውነት ለመናገር ይህን ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። በታናሽ ወንድማቸው ምረቃ ዕለት ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ከጎን ስትመጣ፣ ሌላው ሰው ያነሳው ፎቶ ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስል ነጥቶ፣ ክብ ክብ የብርሃን ነጠብጣብ ወርዶበት ወጣ። የእርሳቸው ብቻ ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩም ቀይ ሆነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ካሜራው ደረጃ ላይ ከእጃቸው አምልጦ በአፍጢሙ ሲደፋ ኮፍያዋ ተሰንጥቃ ሌንሱ ተረፈ። ስንጥቋን በፕላስተር ጠቀለሉላትና ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ኖረች አልኖረች፣ ውጭ ሆነ ጓዳ፣ አላወለቋትም። አንድ ቀን እንዲያውም ገልብጠው ገጥመዋት ኖሮ፣ ጣታቸው እሷ የሸፈነችውን የሌንሱን ማስተካከያ ፍለጋ ሲዳብስ ዋለ። "ይቺ ሌንስ ዛሬ ምን ነካት?" እያሉ ሲማረሩ፣ የነኳት እርሳቸው መሆናቸውን የነገራቸው የለም።

የቤት ውስጥ ፎቶዎቻቸው ግን አንድ ክፉ አመል ነበራቸው። ቤት ውስጥ ስለሚጨልም ካሜራው አናት ላይ ያለችውን ፍላሽ ያበራሉ፤ ፎቶው ሲታይ ከግርጌው መሃል ላይ ግማሽ ጨረቃ የሚያህል ጥላ ተጋድሞ ይገኛል። የቤተሰቡ ሁሉ ጉልበት ጨለማ ውስጥ ነው። ክቡርነታቸው በመጀመሪያ ምንጣፉን ከሰሱ፤ "ብርሃን ይውጣል" አሉ። ቀጥሎ ፎቶ የሚያሳትሙበትን ቤት ቀየሩ። ታላቅ እህታቸው "ጉልበቴን በፎቶ ካየሁት ስንት ዘመኑ!" ስትል፣ "ፎቶ የሚነሳው ፊት ነው ወይስ ጉልበት?" ብለው አፏን አስያዟት።

ካሜራውንም ለሰው አያስነኩም። "ኮፍያዋን ማን ያውቅላታል?" ይላሉ። ስለዚህ በቤተሰቡ ፎቶ ውስጥ ሁሉም ሰው አለ፣ እርሳቸው የሉም። አንዴ ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ አድርገው ወደ ሰልፉ ሲሮጡ፣ ቀደማቸውና ጀርባቸውን ብቻ አስቀረው።

ታዲያ ቤት የምንለቅበት ቀን መጣ። እናታቸው አምስቱንም ልጆች ሰብስባ "ለአዲሱ ቤት ግድግዳ አንድ ፎቶ እፈልጋለሁ" አለች። "ልጆቼ ሁሉ ያሉበት። እዚሁ ባሳደግኳችሁ ሳሎን ውስጥ።"

"ዛሬስ ጉልበት እንዲኖረን ፎቶ አንሺ ብንጠራስ?" አለች ታላቅ እህት።

ክቡርነታቸው ደነገጡ። ሹመታቸው በዓይናቸው ፊት ሊሻር ነው። ለምነው፣ ምለው ተገዝተው አንድ የመጨረሻ ዕድል ተሰጣቸው። ዕቃው መኪና ላይ ተጭኗል፤ የቀረው አንድ ሶፋና ያ የተከሰሰው ምንጣፍ ነው። እናት መሃል ተቀመጠች፣ አራቱ ከበቧት። "ቆይ፣ አንዴ ቆይ!" ሲሉ ያ ፕላስተር ለቀቀና ኮፍያዋ ተንከባልላ ሶፋው ሥር ገባች።

"አንዴ ተነሱልኝ!"

"ማንም አይነሳም!" አለች እናት። "ወገቤን ቆርጦኛል። አንሳና ገላግለን።"

ፍላሹን አብርተው ያለ ኮፍያ አነሱ። ሁሉም ፎቶው የሚታይባት የካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ ተረባረቡ። ጉልበት አለ፣ ጫማ አለ፣ ምንጣፉ ከነአበባው ቁልጭ ብሏል።

"ጥላው የታለ? ምን አደረግክ?" አለች ታላቅ እህቴ።

አንቱታዬ ኮፍያዋን ተከትሎ ሶፋው ሥር የገባው ያን ጊዜ ነው። ለካ ለፀሐይ የተሠራችውን ኮፍያ ሳሎን አስገብቼ፣ ፍላሹ ከላይ ሲበራ እሷ መንገድ ላይ ቆማ ጉልበታችን ላይ ስታጠላ ኖራለች።

"የኮፍያዬ ጥላ ነበር" አልኳቸው። "ያጨለምኳችሁ እኔው ነኝ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ሌላ ምን አባቴ አደርጋለሁ?

እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ፎቶውን ትክ ብላ ካየች በኋላ "አንተስ?" አለችኝ።

"እኔማ አንሺው ነኝ፣ እማዬ።"

"ግባ፣ እኔ ላንሳ" አለች እህቴ።

"ያኔ ደግሞ አንቺ ትጎድያለሽ" አለቻት እናቴ። ውጭ የጭነት መኪናው ክላክስ ጮኸ። እሷ ግን ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የቆየ ፎቶ አወጣች፤ ያው ሶፋ፣ ያው ሰው፣ ከግርጌው ያ ጥላ። ጣቷን ጥላው ላይ አሳረፈች።

"ይኼ የኮፍያህ ነው አልክ?"

"አዎ።"

"ኮፍያዋን የያዘውስ ማነው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ልጆቼ ሁሉ ያሉት እዚህኛው ላይ ነው" አለች።

ንጹሑ ፎቶ ዛሬ አልበም ውስጥ ነው። አዲሱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጥላ ያለበት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ጥቁር ላይ ነው።

"እማማ፣ ይኼ ከታች ያጠላው ምንድነው?"

እናቴ ቀና ብላም አታይም።

"ሁለተኛው ልጄ ነው" ትላለች።