የበአትና የባት ሙግት

ጎንደር ውስጥ አፉን ከፍቶ ሳይታረም አራዳን ያቋረጠ ሰው አላውቅም። በየሰፈሩ አንድ አራሚ አለ። ቤቱ መቃጠሉን ልትነግረው እየሮጥህ ብትመጣ መጀመሪያ «ቃጠሎ» ያልህበትን አነጋገር ያቀናልሃል። እሳቱ ይጠብቃል።

የአራሚዎች ሁሉ ሊቀ ሊቃውንት የግእዝ ንባብ መምህሬ የኔታ ሀብተ ማርያም ነበሩ። ተማሪ ቃል ሲያበላሽ «ጣልኸው! አንሣው!» ይላሉ። ይህ ልማድ ከንባብ ቤት ውጭም አይለቃቸውም። አንድ ጊዜ በቀብር ላይ ፍትሐቱን የሚያደርሰው ቄስ አንዲት ቃል ቢስት «ጣልኸው!» ብለው ጮኹ። ሬሳ የተሸከሙት ሰዎች ደንግጠው ሳጥኑን ሙጥኝ አሉ።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ዋሻ የሚያጠኑ ፈረንጆች መጡና የኔታ ከዛሪማ በላይ ያለችውን አንድ ጻድቅ የጸለዩባትን ዋሻ፣ በአታቸውን፣ አሳዩአቸው። በዓመቱ እነዚሁ ሰዎች ካርታዋን ሠርተው አውሮፓ ውስጥ ለሚደረግ የዋሻ አጥኚዎች ጉባኤ ጠሯቸው። እኔም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነህ ተብዬ አብሬ ሄድሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ቋንቋቸውን ሳልችል ምን ይውጠኛል?» ብሎ በተጨነቀ። የእሳቸው ጭንቀት ሌላ ነው።

«አፋቸውን ማን ያቀናላቸዋል? በአት ማለት አቅቷቸው ባት ይሏታል እኮ! በዚህ ጉባኤ ካርታው ከጸደቀ፣ ጻድቁ የመነኑባት በአት የሰው እግር ሆና ልትቀር ነው!»

ነገሩን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። በንባብ ቤት ድምፁ የሚነሣ ቃል «ተነሽ»፣ የሚወድቅ ቃል «ወዳቂ» ይባላል። የጉባኤው አስተርጓሚ ግን አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ ፈረንጅ ነው፤ የንባብ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

ሰብሳቢዋ ማርታ የምትባል ደርባባ ሴት ነበረች። ከካርታው ላይ «ባት» ብላ ስታነብ የኔታ ብድግ አሉ።

«ጣልሽው! አንሺው!»

አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጐመላት። ማርታ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገች። የፊት ረድፍ ተሰብሳቢዎችም ተንበርክከው ያግዟት ጀመር።

«ቃሉን ነው፣ ቃሉን! በስሟ ላስረዳት» አሉ የኔታ። «ማርታ ወዳቂ ነው።»

አስተርጓሚው ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ቢሆንም ተረጐመው። አዳራሹ አጉረመረመ።

«የኔታ፣ ይቅርብዎ» አልኋቸው ቀሚሳቸውን ጎተት አድርጌ።

«ምነው? ወዳቂ አይደለም?»

«ነው፤ ግን…»

«እንግዲያ ዝም በል!»

ወደ ማርታ ዞሩ። «በአት ከቦአ ወጣ። ቦአ፣ ገባ ማለት ነው። ቦአ ደግሞ ተነሽ!»

ማርታ ግራ ገብቷት ተነሣች።

«ተነሽ!» አሉ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው።

ሰብሳቢዋ ቆማ ሳለ ይህ ትእዛዝ ለማን እንደሆነ አስተርጓሚው ጠፋው። ላቡን ጠረገና ለሁሉም አደረገው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ወንበሩን እያንኳኳ ቆመ።

የኔታ የቆመውን ሕዝብ ዙሪያውን አዩት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያም ልጅ እንደሚያስተምሩ ሁሉ ለስለስ ብለው «በ…አት» አሉ።

«ባት» አለ አዳራሹ።

«ድገሙት!»

ደገሙት፤ ደጋገሙት። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ጉሮሮው ውስጥ ድንጋይ የተሰነቀረ ይመስል ያቃስታል። በመጨረሻ ማርታ ብቻዋን «በአት» አለች፤ አጥርታ። ከዚያም ብዕሯን አውጥታ ለእሳቸው ሰጠቻቸው። የኔታ የካርታውን «ባት» ሰርዘው በገዛ ፊደላችን «በአት» ብለው ጻፉ። ጉባኤውም እንዳለ አጸደቀው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆሙ።

«ምነው ሁሉም ብድግ አሉ?»

ከልጅነቴ ጀምሮ ዋሽቻቸው አላውቅም ነበር።

«ለጻድቁ ክብር ነው፣ የኔታ» አልኋቸው።

ሊያርሙኝ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ተዉትና፣ ክንዴን ደገፍ ብለው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ።