መሬት የሌላቸው የዮጣ ገበሬ

ለካህናት በዕጣ የተሰጠ ከተማ ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለው። ኬብሮን ላሉት ዘመዶቻችን ስለኛው ብነግራቸው "የኛው ይብሳል" ብለው ተጣሉኝ። ሰውየው ካህን ነው፤ ሕጉ እርሻ አይሰጠውም፤ አንድ ትልም የራሱ የለውም፤ ሞፈር ጨብጦ አያውቅም። ስለ እርሻ ግን የማያውቀው ነገር የለም። በቃ የለም። የኛው ክቡር ካህን ይዳያ ይባላሉ።

ለአሮን ልጆች ከይሁዳ ምድር ከተማ ሲከፈል የኛ ዮጣ ወጣች። ቤቶቹን እኩል ተካፈልን። ከግንቡ ውጪ ዙሪያውን ሁለት ሺህ ክንድ ለከብቶቻቸው መሰማሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እርሻ የኛ ተባለ። ክቡርነታቸውም በአራት አህያ፣ በአሥራ ሰባት ፍየልና በአንድ ሚያሚን ገቡ። ሚያሚን የሚስታቸው ወንድም ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጉልበቱን የሚያክክ ረጅም እጅ አለው።

ጭነቱ ገና ሳይራገፍ አባቴ ኤፌር በሬዎቹን ጠምዶ በደጃቸው ሲያልፍ አዩት።

"ወንድሜ፣ እኔ ምን አገባኝ፣ መሬት የለኝ፤ ግን ቀንበሩ ወደ ግራ አጋድሏል።"

"የግራው በሬ አጭር ነው አባታችን" አለ አባቴ። ሠላሳ ዓመት ያረሰ ሰው ነው።

"ታዲያ አጭር በሬ ማን ግዛ አለህ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ "እኔ ምን አገባኝ፣ መሬት የለኝ" የሚል ድምፅ ሲሰማ የዮጣ ሰው የያዘውን አስቀምጦ ይቀመጣል፤ ቶሎ አያልቅማ። ወይን ስንገርዝ አሉ። ወይራ ስናራግፍ አሉ። አክስቴ ዔግላ ምጥ ይዟት አዋላጅዋ ስትሮጥ መንገድ ላይ አስቁመው ስለ ነጭ ሽንኩርት አተካከል ነግረዋታል። አዋላጅዋ ስትደርስ ልጁ ተወልዶ ጡት ይዟል።

ራሳቸው አንዴ ተክለዋል፤ ሐሜት እንዳይሆንብኝ ይሄንንም ልናገር። ጣሪያቸው ላይ በተሰበረ ገንቦ ኪያር ተከሉ። አንዲት ኪያር አፈራች፣ ጣት የምታህል። ከተማው ተጠርቶ ተራ በተራ ወጥቶ አየ። አራተኛው ሰው ላይ ፍየላቸው በላቻት።

ካህንነታቸውስ ቢሉ፣ እሱ ላይ ቀልድ የለም። ዔግላ ቤት ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነገር ታየ ተባለ። የቤት ደዌ እንዳይሆን ካህን ማየት አለበት። እሳቸው ከመግባታቸው በፊት ደሞ ዕቃው ካልወጣ ሁሉም አብሮ ይረክሳል። ዔግላ ድስቱን አወጣች፣ ምንጣፉን አወጣች፣ ባሏን ከነትራሱ አወጣች። ክቡርነታቸው ገቡ፣ በአፍንጫቸው ተጠጉ፣ ቤቱን ሰባት ቀን ዘጉት። እነ ዔግላ ሰባት ቀን እኛ ቤት ተኙ። እውነቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ባልና ሚስት ተጣልተው ሳህን ተወርውሯል። ማን ይናገር? በሰባተኛው ቀን፣ ሰዓቷን እንኳ ሳያሳልፉ መጡና ከፈቱት።

"ደዌው አልሰፋም" አሉ። "ቤቱ ንጹሕ ነው። ግን ዔግላ፣ ወጥሽ ላይ ድንብላል ታበዣለሽ።"

ሳቅ የቆመው ስለ አውድማችን ሲነሳ ነው። አውድማችን በምሥራቅ በኩል ነው፣ ሁለት ሺህ ክንዱ የሚያልቅበት አካባቢ። መስመሩ ካለፈው የፍየል መዋያ ሆነ ማለት ነው። የቀረው መሬታችን ቁልቁለት ነው፤ ነፋስም አያገኘው። አውድማው ከሄደ ገብሱን የት እንውቃው? አባቴ ለሁለት ሳምንት እህል ከአፉ አልገባም ማለት ይቻላል።

በልኬቱ ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሁለት ሺህ ክንድ፣ በማን ክንድ? እነሱ ሚያሚንን አቀረቡ። በሱ ክንድ ከተለካ መስመሩ ሙት ባሕር ይገባል። እኛ አጎቴን ዜፍን አቀረብን፤ ዳቦ ከእቶን ሲያወጣ ቅንድቡ የሚቃጠል ሰው ነው። የከተማው ሽማግሌዎች ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው አይተው እስኪደክማቸው ሳቁ፤ ከዚያ "በካህኑ በራሳቸው ክንድ" አሉ። ኀምሳ ክንድ ገመድ ተቆረጠ። እሱ አርባ ጊዜ ይዘረጋል።

አባቴ በዓይኑ ገምቶታል፤ አርባኛው ገመድ አውድማውን ውጦ ገለባችን ጋ ይደርሳል። እናም በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ። ምክር ጠየቀ።

"አባታችን፣ ይቺ በለስ ለምንድነው የምታጠወልገው?"

ክቡርነታቸው ገመዱን ለቀቁት። ቅጠሉን አሸተቱ፣ አፈሩን ቀመሱ፣ ስለ በለስ ሥር ተናገሩ፣ ስለ አጎታቸው በለስ ተናገሩ። ሲጨርሱ "ስንት ላይ ነበርን?" አሉ።

"አሥራ አንድ" አለ ሚያሚን።

"አሥራ ሁለት" አለ አባቴ።

"አሥራ ሁለት" አሉ ክቡርነታቸው፣ ቀጠሉ።

አባቴ ልብ አገኘ። ወይራው ጋ ስለ ወይራው ጠየቀ። ምስሩ ጋ ስለ ምስሩ ጠየቀ። አንድ አሜከላ ጋ እንኳ ቆሞ "ይሄስ አባታችን፣ ምን ቢደረግለት ይሻለዋል?" አለ። እሳቸው ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል። ሚያሚን "ጋሼ፣ ኧረ እየተሞኙ ነው" ይላል፤ "አንተ ዝም በል፣ የቆጠርኩት እኔ ነኝ" ይሉታል። እንዲህ እንዲህ እያልን "አርባ" ብለው ካስማውን ሲተክሉ አውድማው ሦስት እርምጃ ቀረው። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ አቆሙበት። አባቴ እዚያው ቁጭ አለ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በያንዳንዱ ገመድ አንዳንድ ጠጠር ከረጢቴ ውስጥ ስጥል ነበር። ገመዱ አርባ ጊዜ አልተዘረጋም። ቢታወቅ ጉድ ነው፤ የካህንን ድንበር መግፋት ቀላል አይደለም። ፍርሃቱ ሲበዛብኝ የተጠበሰ እሸት ይዤላቸው ሄድኩ። እሸቱን ሰጥቼ ነገርኳቸው።

"አባታችን፣ ገመዱ የተዘረጋው ሠላሳ ስድስት ጊዜ ነው። ቆጥሬያለሁ።"

እሸቱን ቆረጠሙ።

"ሠላሳ አምስት" አሉ። "ወይራው ጋ ሁለት ጠጠር ጣልሽ።"

"ታዲያ እያወቁ ለምን?"

"ሚያሚን እዚያ ፍየል ሊያውል ነበር። ፍየል ምክር አትሰማም።"

"አባቴስ ይሰማል እንዴ?"

"የት ይሰማል። ግን ይናደዳል" አሉና እሸቱ ትንሽ እንዳረረ ነገሩኝ።

ለአባቴ ቃል አልተነፈስኩም። ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ፣ የማዝሪያው ቀን ደረሰ። ክቡርነታቸው ግን አልመጡም፤ ጉንፋን ጥሏቸዋል። አባቴ መንሹን ይዞ ቆመ። ወደ ከተማው በር አየ። "ነፋሱ አልተስተካከለም" አለ። ነፋሱ የእናቴን ሻሽ ወስዶ ወይራው ላይ ሰቅሎታል።

እኩለ ቀን ላይ አህያዋን ይዞ ሄደና ጭኗቸው መጣ። ከድንበሩ ድንጋይ ወዲያ፣ በሳቸው በኩል አስቀመጣቸው፤ ካባውን አውልቆ ደረበላቸው። እሳቸው ይስላሉ እንጂ ቃል አይወጣቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዜፍ "ይሄ ሰውዬ ሊሞትብን ነው" አለ።

አባቴ ዙሪያውን አየ፣ መንሹን ገለበጠው፣ በእጀታው በኩል ገብሱ ውስጥ ሰክቶ መዛቅ ጀመረ። አንድ ፍሬ አልተነሳም። እንደገና ዛቀ።

የክቡርነታቸው ሳል ቀጥ አለ፤ አንድ ዓይናቸው ተገለጠ።