ድምፅ? ይቅርብኝ!

ሰው የሚጎዳው ባጣው ነገር አይደለም፤ «አያስፈልገኝም» ብሎ በገዛ እጁ ባጠፋው ነው! አይመስላችሁም? እንግዲያው ስሙኝማ…

ላፕቶፔ አርጅታለች። የኢንተርኔት መክፈቻውን ብሮውዘር ስከፍትባት እንደ ወፍጮ ታጓራለች፤ ከዚያ ድርቅ! እኔ ደግሞ የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝና ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን መጫን ነውር መሰለኝ። ብሮውዘሩ የተጻፈበትን ሶርስ ኮድ አውርጄ ራሴ ልገነባው ተነሳሁ። ነገሩ ቤት እንደማሠራት ነው፤ ግንባታው ሳይጀመር የሚገባውንና የሚቀረውን ትመርጣላችሁ። ማተሚያ? ይቅር። የፊደል ማረሚያ? እኔን ሊያርም? ይቅር! ድምፅ? እኔ እንደሁ የማነብ ሰው ነኝ… ይቅር! ቀኑን ሙሉ ሲገነባ ዋለና ብሮውዘሬ ተወለደ። ፈጣን ነው ስላችሁ! ማታውኑ እጮኛዬን ምህረትን ሐይቅ ዳር ወስጄ «በገዛ እጄ የሠራሁት!» እያልኩ ፎከርኩባት።

ምህረት በሳምንቱ ከቤተሰቦቿ ዘንድ፣ ከይርጋለም ደወለች።

«አባዬ ሽማግሌ ከመቀበሌ በፊት ልጁን ልየው ብሏል። ካልወደደህ ሰርጉ ቀረ! አሁኑኑ በቪዲዮ ግባ።»

«በስልኬ?»

«ካሜራው ተሰብሮ የለ! በዚያ በፎከርክበት ግባ እንጂ።»

ከረባት አስሬ ገባሁ። አባቷ ብቅ አሉ፤ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ግርማቸው ያስፈራል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል… ድምፅ የለም! ለካ ያስቀረሁት እሱን ነው። በገዛ እጄ የሠራሁት አይሰማም ልበል? ሞቼ እገኛለሁ! ጠየቁኝ፤ ደረቴን ይዤ በአክብሮት ራሴን ነቀነቅኩ። ፊታቸው ሲኮሳተር የባሰ ነቀነቅኩ። ሁሉን እሺ ማለት አስመሳይ ያሰኛል ብዬ ለመጨረሻው ጥያቄ ፈርጠም አልኩና በእምቢታ ራሴን ወዘወዝኩ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ምህረት ናት፤ ታልቅስ ትሳቅ አልለየኝም።

«ትጠጣለህ ወይ ሲልህ አዎ! በየቀኑ? ሲልህ አዎ! ትተዋለህ ወይ ሲልህ… እምቢ!»

ክው አልኩ። እኔ እኮ ጠላ እንኳ ቀምሼ አላውቅም!

«ድምፅ አልነበረም! ልንገራቸው…»

«እንዳትሞክረው! ‹የመጣው ሁሉ አልጠጣም እያለ ይዋሸኛል፤ ይሄ ግን ሐቀኛ ነው፣ በጸሎት እናስተወዋለን› ብሎ ወዶሃል። አሁን ዋሽቼ ነው ልትለው?»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏችኋል ይሄ ነው! ይኸው በየእሁዱ ይርጋለም እየወረድኩ ይጸለይልኛል፤ ቀምሼው የማላውቀውን መጠጥ እያቆምኩ ነው። ባለፈው አማቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ደስ ብሏቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ተመስገን ልጄ! እጅህ መንቀጥቀጡን ትቷል።»